ቅዱስ አትናቴዎስ፤ ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት እውነት አምስት ጊዜ የተሰደደው አባት

የትንሣኤ በዓል የሚውልበት ዕለት በየዓመቱ ይለዋወጣል። በአገራችን ሊቃውንቱ በባሕረ ሐሳብ ቀምረው፣ አዲሱ ዓመት በሚብትበት ዕለት አጽዋማቱንና በዓላቱን ለምእመናን ያውጃሉ። በአራተኛው ምዕተ ዓመት በግብፅ ምድር ግን ይህን የማሳወቅ ኃላፊነት የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ነበር። ሊቀ ጳጳሱ የጾሙን መግቢያና የፋሲካውን ዕለት በመልእክት ይጽፋል፤ መልእክቱም በየአብያተ ክርስቲያናቱና በየገዳማቱ ይነበባል። ከቀኑ ማስታወቂያ ጋርም ለሕዝቡ የሚያስፈልገው ትምህርትና ምክር አብሮ ይላካል።

ከእነዚህ የፋሲካ መልእክቶች መካከል በ367 የተጻፈው 39ኛው መልእክት በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ልዩ ስፍራ አለው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በየቤታችን በምናነበው ሐዲስ ኪዳን ውስጥ ያሉት 27ቱ መጻሕፍት አንድም ሳይጨመር፣ አንድም ሳይቀነስ ተቆጥረው በጽሑፍ ሰፍረው የተገኙት በመጀመሪያ በዚህ መልእክት ነው። ጸሐፊው ቅዱስ አትናቴዎስ ሐዋርያዊ ነው። መልእክቱን በጻፈበት ወቅት ዕድሜው ወደ ሰባ ተቃርቦ ነበር፤ ከአምስተኛው ስደቱ ከተመለሰም ገና አንድ ዓመት ያህል ብቻ ሆኖታል። ስለ ቅዱሳት መጻሕፍት የጻፈው፣ በእነርሱ ታምኖ ሁሉን ካጣና ሁሉን ካገኘ በኋላ ነው።

ቅዱስ አትናቴዎስ በ296 ገደማ በእስክንድርያ ከተማ ተወለደ። ገና ሕፃን ሳለ፣ በ303፣ ንጉሠ ነገሥቱ ዲዮቅልጥያኖስ በክርስቲያኖች ላይ ጽኑ ስደት አስነሣ። የመጀመሪያው አዋጅ አብያተ ክርስቲያናት እንዲፈርሱ፣ ቅዱሳት መጻሕፍትም እየተለቀሙ በእሳት እንዲቃጠሉ የሚያዝዝ ነበር። በዚያ ዘመን መጽሐፍ በእጅ ተጽፎ የሚባዛ ውድ ነገር በመሆኑ አንድ ወንጌል ተቃጠለ ማለት የአንድ አጥቢያ ምእመናን ስንቅ ጠፋ ማለት ነበር። መጽሐፉን አሳልፎ ከመስጠት ሞትን የመረጡ ብዙዎች ናቸው። በ311 የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ተፍጻሜተ ሰማዕት ቅዱስ ጴጥሮስ አንገቱን ለሰይፍ ሲሰጥ አትናቴዎስ ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ብላቴና ነበር። ያ ትውልድ መጽሐፍ ቅዱስን የሚያውቀው በደም የተጠበቀ ርስት አድርጎ ነው።

ስለ ልጅነቱ ከጥንት ጀምሮ የሚተረክ አንድ ታሪክ አለ። ሊቀ ጳጳሱ እለእስክንድሮስ በባሕሩ ዳርቻ ልጆች ሲጫወቱ ይመለከታል። ከልጆቹም አንዱ ጳጳስ ሆኖ ሌሎቹን በሥርዓቱ ሲያጠምቅ አየ። አስጠርቶ ቢጠይቃቸው ልጆቹ ሥርዓቱን አንድም ሳያጓድሉ እንደፈጸሙ ተረዳ። ያን ልጅ ከቤቱ አኑሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን እያስተማረ አሳደገው። ያ ብላቴና አትናቴዎስ አድጎ ዲያቆን፣ የሊቀ ጳጳሱም ጸሐፊ ሆነ።

በዚያው ከተማ አርዮስ የሚባል፣ አንደበተ ርቱዕና በአኗኗሩም የተመሰገነ ቄስ ነበር። አርዮስ ወልድ ፍጡር ነው፣ ያልነበረበት ጊዜም ነበር ብሎ ያስተምር ጀመር። ትምህርቱንም በዜማ አቀናብሮ መርከበኞችና ወፍጮ ፈጪዎች ሳይቀሩ በየሥራቸው እንዲያዜሙት አደረገ። አንባቢያን ሊያስተውሉት የሚገባው ዐቢይ ነገር፣ አርዮስ መጽሐፍ ቅዱስን አልናቀም፤ እንዲያውም አዘውትሮ ይጠቅስ ነበር። ከመጽሐፈ ምሳሌ ምዕራፍ 8 ስለ ጥበብ የተነገረውን፣ ከዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 14 ጌታ ስለ አብ የተናገረውን እያወጣ ለትምህርቱ ደጋፊ ያደርግ ነበር። እንግዲህ የዚያ ዘመን ፈተና መጽሐፍን በሚያነብና በማያነብ ሰው መካከል የተነሣ አልነበረም፤ መጽሐፉን ሁሉም ያነብ ነበር። ጥያቄው እንዴት ይነበብ የሚል ነበር።

በ325 ንጉሡ ቆስጠንጢኖስ በኒቅያ ጉባኤ ጠራ፤ 318ቱ ሊቃውንትም ተሰበሰቡ። ዲያቆኑ አትናቴዎስ ከሊቀ ጳጳሱ ከእለእስክንድሮስ ጋር በጉባኤው ተገኝቷል። አባቶች የአርዮስን ትምህርት ለመለየት ከመጽሐፍ የተወሰደ ቃል ባቀረቡ ቁጥር የአርዮስ ወገኖች ቃሉን ለራሳቸው በሚስማማ መንገድ እየተረጎሙ ይቀበሉት ነበር። በመጨረሻ ጉባኤው ወልድ በባሕርይ ከአብ ጋር አንድ መሆኑን የሚያስረዳ የግሪክ ቃል በሃይማኖት መግለጫው ውስጥ አስገባ። አርዮስና ከእርሱ ጋር የጸኑ ሁለት ጳጳሳት ተወገዙ። ይህ ቃል ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በፊደሉ የተጻፈ ስላልነበረ ተቃዋሚዎቹ ለብዙ ዘመናት ከመጽሐፍ ውጭ የመጣ ነው እያሉ ይከሱት ነበር። ቅዱስ አትናቴዎስ በጽሑፎቹ የሰጠው መልስ ግልጽ ነው፤ ቃሉ በፊደል ባይገኝም ፍቺው በመጻሕፍቱ ሁሉ ውስጥ አለ፤ ከሳሾቹም ራሳቸው ወልድን ፍጡር ለማለት የሚጠቀሙባቸው አነጋገሮች በመጽሐፍ አይገኙም።

የአነባበቡም ሥርዓት እንዲሁ ነበር። አንድን ጥቅስ ከሚነገርበት ጊዜ፣ ከሚናገረው አካልና ከተነገረበት ምክንያት ለይቶ መንጠቅን ይቃወም ነበር። ቅዱሳት መጻሕፍት በጠቅላላው የሚያመለክቱት አንድ ዓላማ እንዳለ ያስተምራል። ይኸውም ቃል ዘለዓለማዊ አምላክ እንደ ሆነ፣ በኋላም ስለ እኛ መዳን ሥጋን ከድንግል ማርያም ነሥቶ ሰው እንደ ሆነ ነው። ጌታ ተራበ፣ ደከመ፣ አለቀሰ ተብሎ የተጻፈው ስለ ሰውነቱ፤ ባሕሩን ገሠጸ፣ ሙታንን አስነሣ የተባለው ስለ አምላክነቱ ነው፤ ሁለቱም የሚነገሩት ስለ አንዱ ክርስቶስ ነው። ፍጡር ፍጡርን ሊያድን አይችልምና፣ በመስቀል የሞተልንና ከሙታን የተነሣው ፍጡር ከሆነ ፋሲካችን ባዶ ይሆናል። የክርክሩ ሥር ይህ ነበር።

በ328 እለእስክንድሮስ ሲያርፍ አትናቴዎስ በማርቆስ መንበር 20ኛው ሊቀ ጳጳስ ሆኖ ተሾመ። ከቀደሙት ሥራዎቹ መካከል አንዱ አገራችንን የሚመለከት ነው። በአክሱም ቤተ መንግሥት ያደገው ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ወርዶ ለኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ጳጳስ እንዲላክላቸው ሲጠይቅ፣ ቅዱስ አትናቴዎስ ከእርሱ የተሻለ እንደማይገኝ ተገንዝቦ ራሱን ፍሬምናጦስን ጵጵስና ሾሞ መለሰው። እኛ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ብለን የምንጠራው አባት የተቀባው በእርሱ እጅ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የቤተ መንግሥቱ ነፋስ ተለወጠ። ቆስጠንጢኖስ አርዮስን ወደ ማኅበረ ምእመናን መልሶ እንዲቀበል ቢያዝዘው ቅዱስ አትናቴዎስ እምቢ አለ። ከዚያ በኋላ ክስ በክስ ላይ ይደረብበት ጀመር። በ335 በጢሮስ በተሰበሰበው ጉባኤ አርሳንዮስ የተባለውን ጳጳስ ገድሎ እጁን ቆርጧል ተብሎ ተከሰሰ፤ የተቆረጠ እጅም ለማስረጃ ቀረበ። እርሱ ግን ሞተ የተባለውን አርሳንዮስን በሕይወት ከነሁለት እጁ በጉባኤው ፊት አቆመው። ያም ሆኖ ከክሱ አላረፈም። ከእስክንድርያ ወደ ቁስጥንጥንያ የሚሄደውን የእህል መርከብ ሊያስቀር ዝቷል የሚል ክስ ሲጨመርበት ንጉሡ በዛሬዋ ጀርመን ወደምትገኘው ትሪር አጋዘው። ቆስጠንጢኖስ በ337 ሲሞት ተመለሰ፤ ልጁ ቆንስታንዮስ ደግሞ በ339 እንደ ገና አሳደደው። በዚህ ጊዜ ሰባት ዓመት ከመንበሩ ርቆ በሮምና በምዕራብ አገሮች ቆየ። በስደትም ሆኖ በተቻለው ጊዜ ሁሉ የፋሲካ መልእክቱን ለሕዝቡ ይልክ ነበር።

እጅግ የከፋው ቀን የመጣው በ356 በየካቲት ወር ነው። ሊቀ ጳጳሱ በቴዎናስ ቤተ ክርስቲያን ከሕዝቡ ጋር በሌሊት ማኅሌት ላይ ሳለ ብዙ ወታደሮች ሕንፃውን ከበቡት። እርሱ ከመንበሩ አልተነሣም። ዲያቆኑ የዳዊትን 135ኛ መዝሙር እንዲያነብ፣ ሕዝቡም የእግዚአብሔር ምሕረት ለዘለዓለም መሆኑን እየመለሰ እንዲቀበል አዘዘ። በሮቹ ተሰብረው ወታደሮቹ ሲገቡ ሕዝቡ አስቀድሞ እንዲወጣ አደረገ፤ ራሱም በመጨረሻ መነኰሳትና ካህናት ከበው በጨለማ አወጡት። የዚያች ሌሊት መሣሪያው መዝሙረ ዳዊት ብቻ ነበር።

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ያህል በግብፅ በረሃ ከመነኰሳት ጋር ተሸሸገ። የአባ እንጦንስን ገድል የጻፈውም በዚሁ የመከራ ዘመን እንደ ሆነ ይታመናል። በመንበሩ ላይ ጊዮርጊስ የተባለ ቀጰዶቅያዊ በንጉሡ ኃይል ተተከለ። ንጉሡ ቆንስታንዮስ ለአክሱም ነገሥታት ለኢዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ልኮ፣ ፍሬምናጦስ የተሾመው በአትናቴዎስ እጅ ስለ ሆነ በጊዮርጊስ ፊት ቀርቦ እንዲመረመር ወደ እስክንድርያ እንዲላክ ጠየቀ። የደብዳቤውን ቃል ጠብቆ ያቆየልን ራሱ አትናቴዎስ በጽሑፉ ውስጥ ነው። የአርዮስ ትምህርት በኢትዮጵያ ሥር አልሰደደም፤ ቤተ ክርስቲያናችን እስከ ዛሬ በቅዳሴዋ የምትጸልየው የኒቅያን ሃይማኖት ነው።

በእነዚያ ዓመታት በየጉባኤው ከ10 የማያንሱ አዳዲስ የሃይማኖት መግለጫዎች ተጽፈዋል። አንዱ ሌላውን ይሽራል፤ ዛሬ የተፈረመው ነገ ይለወጣል። በኒቅያ ጉባኤ ከፍ ያለ ስፍራ የነበረው የኮርዶባው ሽማግሌ ጳጳስ ሆስዮስ እንኳ በእርጅናው ተገዶ በ357 በአንዱ ላይ ፈረመ። በ359 ደግሞ ከ400 የሚበልጡ የምዕራብ ጳጳሳት ተሰብስበው በመጨረሻ የንጉሡን ፈቃድ ፈጸሙ። ለተመልካች እውነት የተሸነፈች ይመስል ነበር። ቅዱስ አትናቴዎስ ግን የፈራሚውን ብዛትም ሆነ የንጉሡን ማኅተም የእውነት መለኪያ አላደረገም። ሆስዮስንም አልዘለፈውም፤ በመከራ የተገደደ ሽማግሌ መሆኑን በርኅራኄ ጽፎለታል።

ይህ ርኅራኄ በ362 በእስክንድርያ በሰበሰበው ጉባኤም ታይቷል። በፍርሃት ፈርመው የነበሩት ኒቅያን ከተቀበሉ በፍቅር እንዲመለሱ ተወሰነ። በቃል አጠቃቀም ተለያይተው እርስ በርሳቸው የሚጠራጠሩትንም ጠይቆ፣ ሁለቱም ወገኖች አንዱን እምነት በልዩ ልዩ ቃል እንደሚናገሩ አስረዳቸው። ለእውነት መቆም ማለት ወንድምን በቃል ማጥመድ አለመሆኑን በሥራው አሳየ።

ወደ ጣዖት የተመለሰው ንጉሥ ዑልያኖስ በዚያው ዓመት ሲያሳድደው፣ ይህ ቶሎ የሚያልፍ ትንሽ ደመና ነው ብሎ የሚያለቅሱትን እንዳጽናና ይነገራል። ንጉሡም በማግሥቱ ዓመት በጦርነት ሞተ። በ365 ደግሞ ዋሌንስ አሳደደው፤ በዚያን ጊዜ በአባቱ መቃብር ውስጥ እንደ ተሸሸገ ጸሐፍት ይናገራሉ። በ366 መጀመሪያ ወደ መንበሩ ተመለሰ፤ ከዚያም ወዲያ አልተሰደደም። በ45 ዓመት የጵጵስና ዘመኑ ወደ 17 ዓመት ያህል ያሳለፈው በግዞትና በስደት ነው።

እንግዲህ 39ኛው የፋሲካ መልእክት የተጻፈው በዚህ ጊዜ ነው። በሐዋርያት ስም የተሰየሙ የሐሰት መጻሕፍት በየዋሃን መካከል ይሠራጩ ስለ ነበር፣ ምእመናን የመዳንን ውኃ ከየትኛው ምንጭ እንደሚቀዱ ማወቅ ነበረባቸው። እርሱም መጻሕፍቱን በየስማቸው ቈጠረላቸው። ቤተ ክርስቲያናችን የምትቀበላቸው ቅዱሳት መጻሕፍት በራሷ ሥርዓት 81 ሲሆኑ፣ እርሱ የዘረዘራቸው 27ቱ የሐዲስ ኪዳን መጻሕፍት በዚሁ ቍጥር ውስጥ ይገኛሉ። መጽሐፍ እንዲቃጠል ከታወጀበት ዘመን የተረፈው ልጅ፣ ሽምግልናው ሲደርስ መጻሕፍቱን ለመጪው ትውልድ ቈጥሮ አስረከበ።

ቅዱስ አትናቴዎስ በ373 ግንቦት 7 ቀን በሰላም ዐረፈ። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ381፣ በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150 ሊቃውንት የኒቅያን ሃይማኖት አጸኑ። እርሱ ግን ይህን በዓይኑ አላየም። ሲጸና የኖረው ድሉን አይቶ አልነበረም፤ የተናገረው የታመነ መሆኑን አውቆ ነው።

ከኒቅያ እስከ ዕረፍቱ ድረስ በዙፋኑ ላይ የተፈራረቁት ነገሥታት ሁሉ አልፈዋል። የእርሱ ትምህርት ግን በሃይማኖተ አበው ይነበባል፤ ከ14ቱ ቅዳሴዎቻችን አንዱ በስሙ ይጠራል፤ ግንቦት 7 ቀንም በስንክሳር ይዘከራል። እኛም ዛሬ ልዩ ልዩ ድምፅ በምንሰማበት ዘመን ላይ ነን። ጥቅስ የሚጠቅስ ሁሉ እውነትን ይናገራል ማለት አይደለም፤ ብዙ ሰው ስለ ተቀበለውም አንድ ነገር እውነት አይሆንም። ከቅዱስ አትናቴዎስ የምንማረው፣ መጽሐፉን በሙሉ፣ በቤተ ክርስቲያን ትርጓሜና በትሕትና ማንበብን፤ ካነበቡም በኋላ ዋጋ ቢያስከፍልም በዚያ መጽናትን ነው።

ጾሙ ተፈትቶ ቤተሰብ በአንድ ማዕድ በሚሰበሰብበት በዚህ በዓል፣ ከመብሉና ከመጠጡ በፊት አንዱ የቤተሰብ አባል ከአራቱ ወንጌላት የትንሣኤውን ምዕራፍ ድምፁን ከፍ አድርጎ ቢያነብ መልካም ነው። ያ ምዕራፍ ከእኛ የደረሰው በእሳትና በስደት መካከል አልፎ ነውና።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም አደረሳችሁ። የቅዱስ አትናቴዎስ በረከት አይለየን፤ አሜን።