መድረክን ያልፈራች፦ የአስናቀች ወርቁ ሕይወት

ባለፈው የምረቃ በዓል ዋዜማ በአዳራሻችን የታየችውን አጭር ድራማ ያላያት ሰልጣኝ ጥቂት ነው። ልጇ የሞተባት የአንዲት እናት ታሪክ ነበረች። እናቲቱን ሆኖ የወጣው ግን ጢሙ ማቆጥቆጥ የጀመረ ጓደኛችን ነው፤ ሻሽ አስረንለት፣ ቀሚስ አጥልቀንለት፣ ነጠላ አዘቅዝቀንለት አወጣነው። ገና ዋይታውን ሲጀምር አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ማልቀስ የነበረበት ሕዝብ ሆዱን ይዞ ሳቀ።

ጓደኛችን ጥፋት የለበትም፤ የሚችለውን ሁሉ ሠርቷል። ጥፋቱ የሁላችንም ነው። የእናትነቱን ክፍል እንዲጫወቱ የጠየቅናቸው እህቶቻችን አንድ በአንድ እምቢ አሉን። ችሎታ አጥተው አይደለም እኮ! ወሬው አገር ቤት ሲደርስ አባቴ ምን ይለኛል፣ ጎረቤት ምን ይለኛል ብለው ነው። እኛም ጉዳዩን ከዚያ በላይ አልገፋንበትም፤ ሻሹን ፈልገን ለወንድ አሰርን።

ይህንኑ ስናወጣ ስናወርድ ከርመን ነው በዛሬው የግድግዳ ጋዜጣችን የአስናቀች ወርቁን ሕይወት ለመተረክ የተነሣነው። አንጋፋ ናትና አንቱ ማለት ይገባን ነበር፤ ነገር ግን ሕዝቡ በፍቅር አስኒ እያለ አቀማጥሎ የጠራት ስለሆነ እኛም እንዲሁ እንጠራታለን፤ ከንቀት አይቆጠርብን።

ታሪኩን ለመረዳት ግን መጀመሪያ አስናቀች የደረሰችበትን መድረክ ማወቅ ያስፈልጋል። የአገራችን ዘመናዊ ቴአትር አባት የሚባሉት በሩስያ የተማሩት በጅሮንድ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ናቸው። በሃያኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ግድም በእንስሳት ተረት አስመስለው ሹማምንቱን የሚነካ ፋቡላ የተባለ ተውኔት ጽፈው አሳዩ፤ ተውኔቱም ወዲያው ታገደ። ከዚያ በኋላ ቴአትርን ያሳደጉት እነማን መሰሏችሁ? መምህራን ናቸው! ቀኝ ጌታ ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች እያስተማሩ ተውኔት ይጽፉ፣ መዝሙር ያዘጋጁ፣ ተማሪዎቻቸውን መድረክ ላይ ያወጡ ነበር። እንግዲህ የኢትዮጵያ ቴአትር የተወለደው ከጠመኔና ከጥቁር ሰሌዳ አጠገብ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ተማሪዎቹ ወንዶች ነበሩና የእናቱንም፣ የሙሽሪቱንም፣ የንግሥቲቱንም ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ልጆች ሆኑ። በእቴጌ መነን የሴቶች ትምህርት ቤት ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ ነበር፤ ከነጻነት በኋላ ትምህርት ቤቱን የመሩት ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ለተማሪዎቻቸው ተውኔት እየጻፉ ሲያሠሩ የወንዱንም ክፍል የሚጫወቱት ሴቶች ልጆች ነበሩ። ነገር ግን ያ በትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ ነው። ትኬት ተቆርጦ የማያውቁት ሰው ሁሉ በሚገባበት አዳራሽ ሴት መውጣቷ ሌላ ጉዳይ ነው።

ይህ የእኛ አገር ጠባይ ብቻ እንዳይመስለን። በእንግሊዝ አገር ሼክስፒር ተውኔቶቹን በጻፈበት ዘመን ሴት በሕዝብ ቴአትር ቤት አትጫወትም ነበር። ጁልየትንም ዴዝዴሞናንም የሚጫወቱት ድምፃቸው ያልጎረነነ ወንዶች ልጆች ነበሩ። ይህ የተለወጠው በ1660 እ.ኤ.አ. ንጉሥ ቻርልስ 2ኛ ከስደት ከተመለሰ በኋላ ነው፤ በዚያው ዓመት ማብቂያ ለንደን ላይ በኦቴሎ ተውኔት ዴዝዴሞናን ሆና ሴት ወጣች። በጃፓን ደግሞ ካቡኪ የተባለውን ተውኔት የጀመሩት ሴቶች ሆነው ሳሉ በ1629 እ.ኤ.አ. መንግሥቱ ሴቶችን ከመድረክ አገደና ሥራው ለወንዶች ተላለፈ። ሴትን ከመድረክ ማራቅ የዓለም ሁሉ በሽታ ነበር፤ ልዩነቱ ማን ቀድሞ ዳነ የሚለው ነው።

አስናቀች የተወለደችው በ1927 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ስድስት ኪሎ አካባቢ ነው። በዚያው በ1927 ዓ.ም. በመኰንን ሀብተ ወልድ አስተባባሪነት የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። ማኅበሩ በመጀመሪያ ሕዝቡን ለሚመጣው የኢጣልያ ወረራ ለመቀስቀስ የተመሠረተ ሲሆን፣ ከነጻነት በኋላ ቴአትር ቤት ሆኖ ዘፈንና ተውኔት ለሕዝብ ያቀርብ ጀመር። ሕፃኗና መድረኩ እኩያ ነበሩ ማለት ይቻላል።

ልጅነቷ የደላው አልነበረም። እናቷን ገና ነፍስ ሳታውቅ አጥታ በሌሎች እጅ አደገች። የእናት ጓዳ የሌላት ልጅ ዐይኗ ውጭ ውጭ ያያል፤ አስናቀችም ዐይኗ ያረፈው ክራር ላይ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ክራር ጥቂት እንበል። በገና የመኳንንትና የጾም ጸሎት መሣሪያ ሆኖ ሲከበር፣ ክራር ግን የአዝማሪና የመጠጥ ቤት ዕቃ እየተባለ ሲናቅ የኖረ ነው። ክራር የያዘች ሴት ደግሞ ስሟ ከበጎ ሴት ጎራ ይወጣል። አዝማሪ የሚለው ቃል ሲፈጠር አመስጋኝ ማለት ሆኖ ሳለ በአፋችን ስድብ አድርገነዋል። በዚህ እኛ ወሎዬዎች ይበልጥ ልናፍር ይገባል፤ አራቱ ቅኝቶች ተብለው በመላ አገሪቱ ከሚታወቁት ከትዝታ፣ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ መካከል ሁለቱ ባቲና አምባሰል የእኛው የወሎ አገር ስሞች ናቸው። ዜማውን ስንወድ ኖረን ባለዜማዋን ከቤታችን ደጃፍ እናስቀምጣለን።

አስናቀች ይህን ሁሉ ስታውቅ ክራሩን አነሣች። መቃኘቱንም፣ መደርደሩንም፣ ግጥም መቋጠሩንም ቻለችበት። ቀጥሎ ደግሞ ከዚያ የባሰውን አደረገች፤ በ1940ዎቹ ዓ.ም. ተዋናይ ሆና ለሕዝብ ክፍት በሆነ መድረክ ላይ ወጣች። ከአገራችን የመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ ሆና ስሟ የሚነሣውም በዚህ ነው፤ ብዙዎችም ቀዳሚዋ ይሏታል።

ይህ ዛሬ ሲነገር ቀላል ይመስላል። እስቲ ግን ያን ዘመን በዐይነ ኅሊናችን እንየው። ሴት ልጅ በማያውቋት ወንዶች ፊት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትናገራለች፤ ባሏ ያልሆነን ሰው በሰው ፊት ፍቅሬ ትላለች፤ ተውኔቱ ካዘዛት ታለቅሳለች፣ ትራገማለች፣ ትሳደባለች። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ደግሞ ክፍሉንና ሰውየዋን መለየት ገና አልለመደም። መድረክ ላይ ክፉ ሴት ከሆነች በመንገድም ክፉ ናት፤ መድረክ ላይ አፍቃሪ ከሆነች በመንገድም ለማንም የተፈቀደች ናት። ማታ የተጨበጨበላት ተዋናይ ጧት ገበያ ላይ ትጠቆማለች። ሙያው ገና እንጀራ በቅጡ ሳያበላ ስም ያስከፍል ነበር። ለወንድ ተዋናይም አዝማሪ መባል አለበት፤ ለሴቷ ግን ዕዳው እጥፍ ነው።

በኅዳር 1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር በአዲስ አበባ አዲሱ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተመረቀ፤ የተከፈተውም በቢትወደድ መኰንን እንዳልካቸው ዳዊትና ኦርዮን በተባለው ተውኔት ነበር። ይህ ቤት ከአብዮቱ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር የተባለው ነው። አስናቀች የሥራ ዘመኗን ትልቁን ክፍል ያሳለፈችው በዚሁ ቤት ሲሆን ተወነች፣ ዘፈነች፣ ጨፈረች፣ ክራር መታች። በዚያ ዘመን ተዋናይ እንደ ዛሬው አንድ ሙያ ብቻ ይዞ አይቀመጥም፤ ተውኔቱ ሲያልቅ ዘፈኑ ይቀጥላል፣ ዘፈኑ ሲያልቅ ውዝዋዜው አለ። በዚሁ ዘመን ነው ኦቴሎ በጸጋዬ ገብረ መድኅን ተተርጉሞ በአማርኛ ለመድረክ የበቃው፤ በ1957 ዓ.ም. ደግሞ ቴሌቪዥን ሥራ ጀመረና መድረኩ ወደ ሰው ሳሎን መግባት ያዘ።

ታዲያ አስኒን ሕዝቡ አፍ ውስጥ ያስቀራት ምኑ ነው? መልኳ ያማረ ነበር፤ አለባበሷም አነጋገሯም እንዲሁ። ነገር ግን መልክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስሟ ከመልኳ ጋር ባለፈ ነበር። ያስቀራት ቃል ዐዋቂነቷ ነው። ክራሯን ታቅፋ ስትቀመጥ ፊት ለፊቷ ያለውን ሰው አይታ እዚያው ላይ ግጥም ትቋጥራለች፤ ሰሙ ጨዋታ ወርቁ ቁም ነገር፣ አንዳንዴም ሰሙ ሙገሳ ወርቁ ተግሣጽ ይሆናል። ሊንቃት የመጣ ሰው ራሱ ተሞግሶ ይሁን ተሰድቦ ሳይለይ ስቆ ይሸኛል። ይህ በቅኔ ቤት የወንዶች ሀብት ሆኖ የኖረ ጥበብ ነው፤ እርሷ በክራር አድርጋ አደባባይ አወጣችው።

ከዘፈኖቿ ከፊሎቹ በ1960ዎቹ መጨረሻ በሸክላ ተቀርጸዋል፤ እንደ ኢየሩሳሌም የተባለው ዛሬም ይደመጣል። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የኢትዮጵያን ሙዚቃ ለዓለም ባስተዋወቀበት ኢትዮፒክስ በተባለው ተከታታይ 16ኛውን ሙሉ ለሙሉ ለእርሷ ሰጥቶ በ2003 እ.ኤ.አ. አወጣው። አገሯ ላይ ስድብ የነበረው ክራር ባሕር ማዶ ክብሯ ሆነ ማለት ነው።

የመጨረሻ ዓመታቷን ያሳለፈችው በሕመም ነው። ቆማ በጨፈረችበት አገር ቁጭ ብላ ለመዋል ተገደደች። ራሔል ሳሙኤል የሕይወት ታሪኳን በዘጋቢ ፊልም አስቀርታልናለች። አስናቀች በመስከረም 2004 ዓ.ም. አዲሱ ዓመት በገባ በ3ኛው ቀን ዐረፈች። ዕድሜዋ ሰባ አምስትን አልፎ ነበር። ያን ጊዜ በየቴአትር ቤቱ የሚሠሩት ሴቶች ተቆጥረው የሚያልቁ አልነበሩም፤ ሴት ተዋናይ ማየት የሚያስገርመው ሰውም በከተማው አልቀረም።

በከተማው አልቀረም አልን፤ በእኛ ዘንድስ? ነገ ተመርቀን በለጋምቦ፣ በቦረና፣ በአማራ ሳይንት፣ በመቅደላ፣ በከለላ ገጠር ትምህርት ቤቶች ስንመደብ የሚኒ ሚድያና የድራማ ክበብ ኃላፊነቱ ከእኛ አያልፍም። ያን ጊዜ ሻሹን ፈልገን ለወንድ ልጅ ማሰር ይቀለናል። ቀላሉን ከመረጥን ግን አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ ድምፅዋን በሰው ፊት ከፍ ማድረግ ሳትማር ትቀራለች፤ ድምፅዋን ያልለመደች ልጅ ክፍል ውስጥም እጅ አታወጣም፣ ኋላም በደል ሲደርስባት አትናገርም። ነገሩ የጨዋታ ነገር ብቻ አይደለም።

አስናቀች ዕዳውን ብቻዋን ተሸክማለች። ከተማሪዎቻችን ግን እንዲህ ያለ ጀግንነት መጠየቅ የለብንም፤ ሸክሙን ማቅለል የመምህሩ ሥራ ነው። ከአሰልጣኝ መምህራኖቻችን ጋር ተወያይተን የደረስንበት ይህ ነው፦ ልጅቱን ከማጨታችን በፊት አባትና እናቷን ቤታቸው ድረስ ሄደን እናነጋግር፤ እናትየዋን ለልምምድ እንጋብዝ፤ ልምምዱ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይለቅ፤ አንዲት ብቻዋን ሳትሆን ሦስት አራት ሆነው ይግቡ፤ በመጀመሪያውም ጊዜ መንደሩ የሚያከብረውን ሰው ክፍል እንስጣት፤ እናት፣ ዳኛ፣ ሐኪም፣ መምህርት። ተውኔቱ ሲያልቅም በእውነተኛ ስሟ ጠርተን ከነአባቷ ስም ለሕዝቡ እናስተዋውቃት፤ ሰው ክፍሉንና ልጅቱን መለየት የሚማረው በዚህ ነው።

ለሌላው ከማስተማራችን በፊት ግን ከራሳችን እንጀምር። ያቺ ልጇ የሞተባት እናት ድራማ በሚቀጥለው መንፈቅ እንደገና ትታያለች። ከዚህ ጋዜጣ ሥር ባዶ ወረቀት ለጥፈናል፤ የእናትነቱን ክፍል የምትፈልግ እህታችን ስሟን ትጻፍበት። ወንዶቹም የምንሠራው አለን፤ በስሟ ላይ የሚያሾፍ ሰው ካለ ዝም አንበል። ጓደኛችንም ሻሹን አጥቦ አምጥቷል፤ ባለቤቷን እየጠበቀ ነው።