ሕገ መንግሥት አርቃቂው ስደተኛ

ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና፣ ትንሿ ኢትዮጵያ ቡና ይዘን ስለ ሕግ የበላይነት ስንከራከር የማይረሱ አንድ ሰው አሉ፤ በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም።

በ1876 ዓ.ም. ሸዋ ውስጥ ተወለዱ። ከዐድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተማሩ። ተመልሰው ቲያትር ጻፉ፣ ጨርጨርን አስተዳደሩ፣ የገንዘብ ሚኒስትር ሆኑ።

ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሕገ መንግሥት የጃፓንን አይተው ያረቀቁት እሳቸው ናቸው። 55 አንቀጾች ነበሩት። ሕዝቡ በሕግ ሲታሰር ንጉሠ ነገሥቱ የማይደፈሩ ሆኑ። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላትንም ሕዝቡ ራሱ መምረጥ እስኪችል ድረስ መኳንንቱና የአገር ሹማምንት እንዲመርጡለት ተወሰነ። መቼ እንደሚችል የሚወስነው ማን እንደሆነ ግን አልተጻፈም።

በ1928 ዓ.ም. ጄኔቫ ላይ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ለአገራቸው ተሟገቱ። ከወረራው በኋላ ማዳጋስካር ውስጥ ለዓመታት በስደት ኖሩ፤ ኋላም አገራቸው ገብተው በ1969 ዓ.ም. አረፉ።

ይህ ጸሐፊም በመንግሥት ጋዜጣ አዘጋጅነቱ ብዙ አዋጅ አትሟል፤ ሕዝቡ መክሮበታል ወይ ብሎ ግን አንድ ቀን አልጠየቀም። ባለቤቱ ያልመከረበት ሕግ ገዢውን ሳይሆን ተገዢውን ብቻ ያስራል።