ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ

ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ (ጥቅምት 2 ቀን 1912 – ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.) የቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን አስፋው የመጨረሻ ሴት ልጅ ሲሆኑ፣ በዘመናዊ ነርስነት ሠልጥነው በሙያው ከተመዘገቡ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አንዷ ነበሩ።

በ1928 ዓ.ም. በጣሊያን ወረራ ምክንያት ከቤተሰባቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። ንጉሠ ነገሥቱ በባዝ ከተማ ሲቀመጡ፣ ልዕልት ፀሐይ ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት ተማሩ።

የነርስነት ትምህርት

በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ተማሪ ነርስ በአብዛኛው የምትማረው በሕሙማን ክፍል ውስጥ እየሠራች ነበር። አልጋ ታነጥፋለች፣ ታካሚ ታጥባለች፣ ሌሊት ተረኛ ሆና ታድራለች። በቤተ መንግሥት ላደገች ልጅ ይህ ቀላል ለውጥ አልነበረም። ከሁሉ የሚከብደው ግን ሕመምተኛን አይቶ ማወቅ ነው። ሕፃን የት እንዳመመው መናገር ስለማይችል፣ ነርሷ ትንፋሹን በደቂቃ መቁጠር፣ የልብ ምቱን በጣቷ መለካት፣ ሙቀቱን በቴርሞሜትር ወስዳ መመዝገብ፣ የቆዳውን ቀለምና የለቅሶውን ዓይነት ማስተዋል ነበረባት። ፔኒሲሊን ገና ለሕክምና ስላልዋለ፣ የሳንባ ምች የያዘው ልጅ ሲብስበት ብዙውን ጊዜ ቀድማ የምታውቀው አጠገቡ ያደረችው ነርስ ነበረች። ዛሬ በሐዋሳም ሆነ በሌሎች ከተሞች ያሉ ነርሶች «ቫይታል ሳይን» የሚሉት ሥራ ያው ነው፤ መሣሪያው ቢለወጥም።

ነሐሴ 19 ቀን 1931 ዓ.ም. የተመዘገቡ የሕፃናት ነርስ ሆኑ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተጀመረው ከዚያ ሳምንት በኋላ ነው። ትምህርታቸውንም በጋይስ ሆስፒታል ቀጠሉ።

መመለስና ሞት

በ1933 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል ሠሩ። ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ከዐቢይ አበበ (በኋላ ሌተና ጄኔራል) ጋር ተጋብተው ወደ ወለጋ ሄዱ። አራት ወር ሳይሞላ፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር በነቀምቴ አረፉ። ዕድሜያቸው 22 ነበር። የተቀበሩት በአዲስ አበባ በበዓታ ለማርያም ገዳም ነው።

የነፍሰ ጡር ሴት አደጋ ዛሬም በጊዜ የሚታወቀው የልብ ምትን፣ የደም ግፊትን፣ የሰውነት ሙቀትንና የሚፈሰውን ደም በመከታተል ነው። ሆኖም ደም የሚሰጥና ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ ሆስፒታል በቅርብ ከሌለ ክትትል ብቻውን አያድንም።

መታሰቢያ

በእንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት መሪነት በተሰበሰበ ገንዘብ ጭምር በአዲስ አበባ የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ተሠራ፤ የነርሶች ትምህርት ቤትም ነበረው። ሆስፒታሉ በኋላ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል ተብሏል። በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ አዋላጅ ነርሶችን ለማሠልጠን የመጡት ወደዚሁ ሆስፒታል ነበር። የፌስቱላ ሕክምናቸውንም እዚያው ጀመሩ። ከሐዋሳ በስተደቡብ በይርጋለም የሚገኘው የሃምሊን ፌስቱላ ማዕከል የዚያ ሥራ ቅርንጫፍ ነው።