አይቶ ማስተዋል፦ ሠዓሊ ገብረ ክርስቶስ ደስታ

በፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ በሚባለው ሰፈር ብዙዎቻችን ተመላልሰናል። እርስ በርስ ተደጋግፈው የቆሙትን የቆርቆሮ ቤቶች ግን ስንቶቻችን ልብ ብለን አይተናቸው ነበር? ሰፈሩ እ.ኤ.አ. በ2024 ከፈረሰ ወዲህ ይህ ጥያቄ ኅሊናችንን ይወቅሰዋል። የአዲስ አበባን የቆርቆሮ ቤቶች ከብዙ ዓመታት በፊት አስተውለው የሣሉ ሰው ነበሩና፣ በዚህ እትም የሕይወት ታሪካቸውን በአጭሩ እናቀርባለን።

ሠዓሊና ገጣሚ ገብረ ክርስቶስ ደስታ እ.ኤ.አ. በ1932 በሐረር ተወለዱ። አባታቸው አለቃ ደስታ ነቃጥበብ የቤተ ክህነት ሰው ሲሆኑ፣ መንፈሳውያን መጻሕፍትን በሥዕል ያስጌጡ ነበር። እርሳቸውም የሥዕልን ፍቅር ከአባታቸው ቤት ቀሰሙ።

ያ የአበው የአሣሣል ሥርዓት የራሱ ሕግ አለው። ጻድቃን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን ሲሣሉ፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ስለዚህ ፊደል ያልቆጠረ ምእመን እንኳ ሥዕሉን አይቶ ወገኑን ይለያል። የአሣሣል ስልት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ምን እንደምናይና እንዴት እንደምናይ የሚመራ ትምህርት ነው።

ገብረ ክርስቶስ እ.ኤ.አ. በ1957 ወደ ጀርመን ሄደው በኮሎኝ ከተማ ሥነ ጥበብ አጠኑ። በዚያም የነገርን መልክ ከመቅዳት ይልቅ በቀለም፣ በመስመርና በቅርጽ የሚናገረውን ረቂቅ ስልት ያዙ። ወደ አገራቸው ተመልሰው በአዲስ አበባ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሲያስተምሩ፣ ሥራቸው የባዕድ ነው የሚል ነቀፌታ ደረሰባቸው። እርሳቸው ግን ከመንገዳቸው አልተመለሱም። እ.ኤ.አ. በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሽልማት ተሰጣቸው።

እ.ኤ.አ. በ1963 የሣሉት «ጎልጎታ» የጌታችንን ሕማም ከታሪኩ ዝርዝር ይልቅ በቀይ ቀለም ኃይል ያቀርባል። የስቅለትን ሥዕል ከልጅነታችን ጀምሮ ስለለመድነው ሳንደነግጥ እናልፈዋለን፤ በዚህ ሥዕል ፊት ግን ደሙ ራሱ ያቆመናል። በቆርቆሮ ቤቶቹ ሥዕሎችም እንዲሁ ነው፤ የተነባበሩት ጣሪያዎች ዘወትር የምናልፈውን የድሆች መኖሪያ ቆመን እንድንመለከት ያደርጉናል።

በደርግ ዘመን ከአገር ወጥተው በስደት ኖሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ፣ በኦክላሆማ ግዛት ዐረፉ። በጀርመን ቀርተው የነበሩ ሥዕሎቻቸው ወደ አገር ቤት ተመልሰው፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስማቸው በተሰየመው ሙዚየም ይገኛሉ።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ ልጆቻችንን ወደዚያ ብንወስዳቸው መልካም ነው። ከሥዕሎቻቸው ፊት ጥቂት በዝምታ ይቁሙ። ሲወጡም በየመንገዱ የሚያገኙትን ድኻ ሳያዩ እንዳያልፉ እናስተምራቸው፤ እኛ ዶሮ ማነቂያን ሳናየው አልፈነዋልና።