ይድነቃቸው ተሰማ እና የሠራተኛው እግር ኳስ

የእግር ኳስ ጨዋታ በዓለም የተስፋፋው በትምህርት ቤት ሜዳ ብቻ ሳይሆን በፋብሪካና በመርከብ መሥሪያ ደጃፍም ጭምር ነው። በለንደን የቴምስ ብረታ ብረትና መርከብ ሥራ ኩባንያ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1895 ያቋቋሙት ቡድን ከአምስት ዓመት በኋላ ዌስት ሃም ዩናይትድ ተብሎ እስከ ዛሬ ዘልቋል። በአገራችንም የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካ፣ የቴሌኮሙኒኬሽንና የመብራት ኃይል ቡድኖች በየዘመናቸው የኢትዮጵያ ሻምፒዮን ሆነዋል። ሠራተኛው ከሥራ ሰዓት በኋላ የሚጫወተውን ይህን ኳስ በደንብ እንዲመራ ካደረጉት ሰዎች ግንባር ቀደሙ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ናቸው።

አቶ ይድነቃቸው መስከረም 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን ተልከው የመኪና ሙያ የተማሩና ዘፈናቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ገና በወጣትነታቸው በ1928 ዓ.ም. የተመሠረተውን የቅዱስ ጊዮርጊስን ቡድን ተቀላቀሉ። በዚያ ማልያ 365 ጊዜ ተሰልፈው 318 ጎል እንዳስቆጠሩ ይነገራል።

በወረራው ዘመን የፋሺስት ባለሥልጣኖች ኢትዮጵያውያንን ከነጮች ለይተው እንዲጫወቱ ከማድረጋቸውም በላይ፣ የጊዮርጊስን ስም «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» በሚል ተኩት። ሰው በቆዳው ቀለም ተለይቶ ኳስ ሲጫወት በወጣትነታቸው ያዩት አቶ ይድነቃቸው፣ በኋላ ዘመናቸው በዚህ ጉዳይ አንዳችም ድርድር አልተቀበሉም።

በ1949 ዓ.ም. የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በካርቱም ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጮችንና ጥቁሮችን የቀላቀለ ቡድን አላሰልፍም በማለቷ ከመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ ውጭ ሆነች፤ ውድድሩም በሦስት አገሮች ብቻ ተካሄደ። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. አቶ ይድነቃቸው ያሠለጠኑት ብሔራዊ ቡድን፣ በመካኒክነት ሙያ የሠራው ሉቺያኖ ቫሳሎ አምበል ሆኖ፣ ግብፅን በአዲስ አበባ 4 ለ 2 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። ከአራት ዓመት በኋላም የአፓርታይድ ፌዴሬሽን ከዓለም አቀፉ ማኅበር ተባረረ።

ይሁን እንጂ ያሰቡት ሁሉ አልሰመረላቸውም። ስፖርት መተዳደሪያ ሊሆን አይገባም ብለው ያምኑ ስለነበር የአፍሪካ ተጫዋቾች ወደ አውሮፓ መፍለሳቸውን ተቃወሙ፤ የመጠጥና የሲጋራ ማስታወቂያ ወደ ሜዳ እንዳይገባም ታገሉ። ገንዘቡ ግን በረታ፤ ዛሬ ሥራውን ጨርሶ ልምምድ የሚወርድ ሠራተኛ በከፍተኛው ሊግ አይገኝም። ተጫዋቹ ከጉልበቱ ኑሮውን ማግኘቱ ተገቢ ነውና በዚህ ነጥብ ዘመኑ ቀደማቸው ማለት ይቻላል። ሆኖም ያ ፍልሰት የአገር ውስጥ ሊጎቻችንን ያራቁታል ብለው መስጋታቸው ከንቱ አልነበረም።

ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. በአዲስ አበባ አረፉ። ደቡብ አፍሪካ ነጭና ጥቁርን በአንድ ማልያ አሰልፋ ወደ ውድድር የተመለሰችው ከአምስት ዓመት በኋላ ነውና ያን ቀን አላዩም። በሥራችን ደንብ ለአንድ ጊዜ ብቻ ይላላልን የሚል ጥያቄ ለሚቀርብልን ለእኛ ለመሐንዲሶች፣ የእኚህ ሰው ሕይወት ሊጠና ይገባዋል።