የሽሬው አዝማች፣ የፖንዛው ግዞተኛ፦ ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ

የአንድ የጦር አዝማች ማንነት በድል ቀን ብቻ አይመዘንም። ሠራዊቱ ሲበተን፣ ከኋላው የተወው አገር ፊቱን ሲያዞርበት፣ በመጨረሻም ራሱ በጠላት እጅ ሲወድቅ የሚያሳየው ጽናትና ከውድቀቱ የሚቀስመው ትምህርት ታሪኩን ሙሉ ያደርገዋል። የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ሕይወት በዚህ ሚዛን ሊታይ የሚገባው ነው።

በቡሬና በፍኖተ ሰላም መካከል የምትገኘውን ማንኩሳን አብዛኛው አንባቢ የሚያውቃት በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የባላገሩን ሸክምና የመሳፍንቱን ትዕቢት የሚያጋልጠው ያ ታላቅ ልብ ወለድ ትረካውን የሚጀምረው ከዚያች የዳሞት መንደር ነው። ይሁን እንጂ ደራሲው በወጣትነቱ ከራስ እምሩ ጋር ወደ ሽሬ የዘመተ፣ ኋላም በኢጣሊያ ደሴቶች የታሰረ ምርኮኛ እንደነበረ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። አዝማቹና ደራሲው ያለፉበት የጦርነትና የእስር መንገድ አንድ ነበረ።

ራስ እምሩ በ1885 ዓ.ም. ተወለዱ። በሐረር በራስ መኰንን ቤት፣ በኋላ አፄ ኃይለ ሥላሴ ከተባሉት ከተፈሪ መኰንን ጋር አብረው አደጉ፤ አብረውም ተማሩ። በ1924 ዓ.ም. ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ከጎጃም ገዥነት ሲሻሩ ራስ እምሩ በምትካቸው ተሾሙ። ራስ ኃይሉ በከባድ ግብርና በሀብት አሰባሰባቸው የታወቁ መስፍን ነበሩ። ነገር ግን ገባሩ ከአንዱ ጌታ ወደ ሌላው ጌታ መተላለፉ የሸክሙን ክብደት አልቀነሰለትም። በተጨማሪም የጎጃም መሳፍንት ከሸዋ የመጣውን ገዥ እንደ እንግዳ ይመለከቱት ነበር። ሹሙ በግሉ ቅን ሰው ቢሆንም እንኳ ሥርዓቱ በገዥውና በአራሹ መካከል ያቆመውን ግንብ በአንድ ሰው ቅንነት ማፍረስ አይቻልም ነበር። የዚህ ግንብ ዋጋ በጦርነቱ ጊዜ በግልጽ ታየ።

መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የፋሽስት ኢጣሊያ ጦር የመረብን ወንዝ ተሻግሮ ወረራውን ጀመረ። ራስ እምሩ ከ20 ሺህ በላይ የሚገመት የጎጃም ሠራዊት አስከትለው ወደ ሰሜን ገሠገሡ። ዘማቹ ደመወዝ አልነበረውም፤ ስንቁን የሚሸከመው ራሱ ወይም አህያው ነበረ፤ የያዘውም ጠመንጃ አብዛኛው ያረጀ ነበር። ሠራዊቱ ጠላትን በዓይኑ ሳያይ በዳባት አካባቢ ከአየር ተደበደበ። ከዚህም የከፋው በጉዞው ላይ የደረሰው መከፋፈል ነው። የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ የነበሩት ደጃዝማች ገሠሠ በለው ተከታዮቻቸውን ይዘው ከዘመቻው በመመለስ ደብረ ማርቆስን ከበቡ። ስለዚህ ራስ እምሩ ከፊታቸው ወራሪ፣ ከኋላቸው አመፅ ይዘው መዋጋት ግድ ሆነባቸው።

ይህም ሆኖ ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉይና ጠባብ መተላለፊያ ጠላትን ድል አደረገ። ባላገሩ ወታደር በትናንሾቹ የኢጣሊያ ታንኮች ላይ እየዘለለ ወጣ፤ ሰንሰለታቸውን ሰበረ፤ መትረየስ ማረከ። የጎጃም ጦር ወደ ሽሬ ዘልቆ የኤርትራን ድንበር ለማስጋት በቃ። በዚያን ዘመን በጦር መሣሪያ እጅግ የሚበልጠውን ጠላት እንዲህ ያስደነገጡ የኢትዮጵያ ሠራዊቶች ጥቂቶች ናቸው።

ፋሽስቶች ለዚህ ድፍረት የሰጡት መልስ መርዝ ነበረ። ከድሉ ጥቂት ቀናት በኋላ አውሮፕላኖች በተከዜ ዳርቻ በነበረው ሠራዊት ላይ የመርዝ ጋዝ የተሞሉ ዕቃዎችን ጣሉ። ዘማቹ ከዚያ በፊት አይቶት የማያውቀው ፈሳሽ ቆዳን አቃጠለ፤ ዓይንን አሳወረ። ኢጣሊያ ራሷ የፈረመችው የ1925 እ.ኤ.አ. የጄኔቫ ስምምነት ይህን መሣሪያ የሚከለክል ነበር። የዓለም መንግሥታት ማኅበር ግን አቤቱታውን ከመስማት በቀር ያደረገው እርዳታ አልነበረም። የካቲት 21 ቀን በሽሬ የተጀመረው ከባድ ውጊያ እስከ የካቲት 23 ቀን ቆየ። ዕለቱ የአድዋ ድል 40ኛ ዓመት ነበረ። ጥይት እያለቀበት ወደ ተከዜ ያፈገፈገውን ሠራዊት የጠላት አውሮፕላኖች በወንዙ መሻገሪያ ላይ ፈጁት።

ራስ እምሩ ጎጃምን የመከላከያ ምሽግ ለማድረግ አስበው ተመለሱ። የጠበቃቸው ግን የተከፋፈለና ያኮረፈ አገር ነበረ። ለሦስት ዓመት በገባርነት ሲያስገብሩት የነበረውን ሕዝብ በአንድ ሌሊት የትግል አጋር ማድረግ አልተቻለም። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለቅቀው ሲሰደዱ ራስ እምሩ እንደራሴ ሆነው ቀሩ። ጥቂት ተከታዮቻቸውን ይዘው ዓባይን በመሻገር ጎሬ ደረሱ።

በምዕራብ የሆለታ ዕጩ መኰንኖችና የተማሩ ወጣቶች «ጥቁር አንበሳ» የተባለውን ማኅበር አቋቁመው ነበር። ሰብሳቢው ዶክተር ዓለመወርቅ በየነ ሲሆኑ፣ እነዚህ ወጣቶች በሰኔ 1928 ዓ.ም. በነቀምቴ አጠገብ በቦናያ ያረፉትን የኢጣሊያ አውሮፕላኖች አቃጠሉ። ራስ እምሩ የዚህን ኃይል መሪነት ተቀበሉ። ነገር ግን በዚያም አንዳንድ ባላባቶች ከወራሪው ጋር ተሰለፉ። ስንቅና ጥይት ያለቀበት ጦር ከየአቅጣጫው ተከብቦ በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ቆመ፤ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ራስ እምሩ እጃቸውን ሰጡ።

የጠላት ምሕረት ምን ያህል እንደሚታመን ከሁለት ወር በኋላ ታየ። ከየካቲት 12ቱ ጭፍጨፋ ጋር ከጥቁር አንበሳ አባላት መካከል የሐኪም ወርቅነህ ልጆች ዮሴፍና ቢንያም፣ እንዲሁም ፈቃደ ሥላሴ ኅሩይ ተረሸኑ። ራስ እምሩ ወደ ኢጣሊያ ተወስደው በፖንዛ ደሴት ታሰሩ።

አዝማቹ በግዞት ሳሉ ጎጃም ዝም አላለም። በሽሬው ዘመቻ የተከፋፈለው አገር የወራሪውን ግፍ ሲቀምስ በአርበኝነት ተነሣ። በዳሞትና በአካባቢው እነ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ጠላትን ዕረፍት ነሱ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. አርበኞችና ከሱዳን የመጣው ጦር ቡሬንና ማንኩሳን አስጨንቀው የኢጣሊያ ጦር ምሽጉን ለቅቆ ወደ ደብረ ማርቆስ እንዲሸሽ አደረጉ። ባላገሩ ለራሱ መሬትና ለራሱ ነጻነት መዋጋቱን ሲያምን የቱን ያህል ኃይል እንደሚሆን የማንኩሳ መንገድ ምስክር ነው።

የታሪክ ፍርድም በፖንዛ ደሴት ተገለጠ። በሐምሌ 1935 ዓ.ም. ከሥልጣን የወረደው ሙሶሊኒ ታስሮ ወደዚያችው ደሴት ሲወሰድ፣ ያረፈው ራስ እምሩ ታስረውበት በነበረው ቤት ነው። ራስ እምሩ ግን በዚያን ጊዜ ወደ ካላብሪያ ተዛውረው ነበር፤ የተባበሩት መንግሥታት ጦር ደቡብ ኢጣሊያን ሲይዝ ነጻ ወጥተው በ1936 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከእስር በኋላ በአሜሪካ፣ በሕንድና በሶቭየት ኅብረት አገራቸውን ወክለው ሠሩ። ከርስታቸው ለጭሰኞች መሬት በማከፋፈላቸው «ቀዩ ራስ» ተባሉ። የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት መሪዎች ለጠቅላይ ሚኒስትርነት የመረጧቸውም ስለዚህ ስማቸው ነበር። ሆኖም ከቤተ መንግሥቱ ጋር የነበራቸውን የዝምድናና የታማኝነት ትስስር አልበጠሱትም፤ የአንድ መስፍን ለጋስነትም የአገሪቱን የመሬት ሥሪት ሊለውጥ አልቻለም። በነሐሴ 1972 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ ዘውዱን የገረሰሰው መንግሥት በክብር ቀበራቸው።

ከዚህ ሕይወት ሠራተኛውና የቀበሌው ነዋሪ የሚያገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። በደምበጉይና ታንክ ላይ የወጣው ባላገር ጀግንነት አላነሰውም፤ ያነሰው ከኋላው የሚቆም፣ በፍትሕ የተሳሰረ አገር ነበረ። የአገር ምሽግ የሚገነባው ከጦርነት በፊት፣ በእርሻውና በሥራው ቦታ በሚሰፍን ፍትሕ ነው። ራስ እምሩ ይህን እውነት በሽሬና በጎጀብ በውድ ዋጋ ገዙት፤ መሬታቸውን ለአራሹ ሲሰጡም ከፊሉን ዕዳ ከፈሉ።