አራት ሜዳሊያ የነበረው፣ መቃብሩ ላይ ግን ስሙ ያልተጻፈለት መርከበኛ

ዛሬ የአንድ መርከበኛ ታሪክ ይዘን መጥተናል። ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ በእኛ ሲሆን እንነግራችኋለን።

ጊዜው ኦክቶበር 1901 ነው። ቦታው ሃሊፋክስ፣ የካናዳዋ ኖቫ ስኮሺያ ግዛት ዋና ከተማ። ኋላ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ የሆነው የእንግሊዝ ልዑል ለጉብኝት መጥቷል። ከተማው ሰልፍ ላይ ነው፤ የድሮ ዘማቾችም ሜዳሊያቸውን አድርገው ተሰልፈዋል። ከመካከላቸው 70 ዓመት ያለፈው አንድ ጥቁር ገበሬ አለ። ልዑሉ የሽማግሌውን ደረት አየና ስለ ሜዳሊያዎቹ ጠየቀው።

ሽማግሌው ዊሊያም ሆል ይባላል። ከባሕር ኃይል ጡረታ ወጥቶ ወደ ትውልድ አካባቢው ከተመለሰ 25 ዓመት ሆኖታል። ከእህቶቹ ጋር እየኖረ ላምና ዶሮ ያረባል። ደረቱ ላይ ያለው ነገር ግን በመላው የእንግሊዝ ግዛት ጥቂት ሰዎች ብቻ ያላቸው ነው። ቪክቶሪያ መስቀል፣ ማለትም የእንግሊዝ ትልቁ የጀግንነት ሽልማት፣ ከነሌሎች ሦስት ሜዳሊያዎች። ይህን መስቀል ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሱ ነው።

ነገሩን ከወላጆቹ እንጀምር። አባቱ ጄኮብ እና እናቱ አሜሪካ ውስጥ ባሪያ ነበሩ። በ1812 አሜሪካና እንግሊዝ ጦርነት ገጠሙ፤ እንግሊዞች ወደ እነሱ ለሚያመልጡ ባሪያዎች ነፃነት እንሰጣለን ብለው አወጁ። በዚያ አጋጣሚ ወደ 2,000 የሚጠጉ ሰዎች ኖቫ ስኮሺያ ገቡ። የሆል ወላጆችም ከእነሱ ጋር ናቸው። ልጃቸው በ1820ዎቹ መጨረሻ ሆርተን በሚባል ቦታ ተወለደ። ነፃ ሆኖ ተወለደ ማለት ነው። ወላጆቹ በተወለዱበት አገር ግን እንደ እሱ ያለ ሕፃን ገና ይሸጥ ይለወጥ ነበር።

ሆል ያደገው መርከብ በሚሠራበት አካባቢ ነው። በልጅነቱ መርከብ መሥሪያ ውስጥ ሠራ፤ 20 ዓመት ሳይሞላው የንግድ መርከብ ላይ ተቀጠረ። ቀጥሎ ያደረገው ነገር ትንሽ ያስገርማል። ከ1847 እስከ 1849 በአሜሪካ ባሕር ኃይል አገለገለ። አዎ፣ ወላጆቹን ባሪያ ባደረገችው አገር። የባሕር ሥራ እንደዚህ ነው፤ ደመወዝ ያለበት ይሄዳሉ። በ1852 ደግሞ ሊቨርፑል ላይ የእንግሊዝ ባሕር ኃይልን ተቀላቀለ።

እዚህ ላይ ስለ ሜዳሊያ አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ ለታሪኩ ያስፈልጋል።

የጀግንነት ሜዳሊያ እና የዘመቻ ሜዳሊያ ይለያያሉ። የጀግንነቱ አንድ ሰው ለሠራው አንድ ነገር ይሰጣል። የዘመቻው ግን በዘመቻው ለተካፈለ ሁሉ ነው፤ አዛዡም ወጥ ሠሪውም ያገኙታል። ለዚህ ይመስለናል ብዙ ሰው የዘመቻ ሜዳሊያን የሚንቀው። ታሪክ ለሚፈልግ ሰው ግን ትልቅ ሀብት ነው። ሪባኑ ላይ የውጊያ ስም የተጻፈባቸው ጠባብ የብር ሰሌዳዎች ይሰካሉ። ዘማቹ የት የት እንደነበረ እነሱን አንብቦ ማወቅ ይቻላል። ብዙዎቹ ደግሞ ጠርዛቸው ላይ የባለቤቱ ስም ተመቷል። ለንደን፣ ኪው ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ የባሕር ኃይል ተሸላሚዎች መዝገብ አለ። ስሙን ከሜዳሊያው ጠርዝ ወስዶ እዚያ መዝገብ ውስጥ መፈለግ ነው። እንግዲህ የመርከበኛ ታሪክ የሚያጠኑ ሰዎች ሥራ ይሄ ነው።

የሆል የክራይሚያ ሜዳሊያ ሁለት ሰሌዳ አለው፤ ኢንከርማን እና ሴባስቶፖል። ሁለቱም የብስ ናቸው። መርከበኛ የብስ ላይ ምን ይሠራል? በ1854 እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ቱርክ ሩሲያን ሲወጉ የሴባስቶፖል ምሽግ በቀላል መድፍ የሚደፈር አልሆነም። ከባዱ መድፍ ያለው መርከብ ላይ ነው፤ መተኮሱን የሚያውቁትም መርከበኞቹ ናቸው። ስለዚህ መድፉን ከነተኳሹ አወረዱት። ሆል ሮድኒ ከምትባለው መርከቡ ወርዶ የተዋጋው እንዲህ ነው።

ለዚሁ ጦርነት ቱርክም ሜዳሊያ ሰጥታዋለች። ስለዚህ የቱርክ ሜዳሊያ የሚወራ አንድ አስቂኝ ነገር አለ፤ ለእንግሊዞች የተሠራው በብዛት ባሕር ላይ ጠፋና ብዙ የእንግሊዝ ዘማቾች ለሰርዲኒያ ጦር የተሠራውን አድርገው ኖረዋል።

አሁን ወደ ትልቁ ቀን እንሂድ።

በ1857 ሆል ሻነን የምትባል መርከብ ላይ ነበር። መርከቧ ወደ ቻይና ተልካ ሳለ ሕንድ ውስጥ በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ አመፅ ተነሳ። እንግሊዞች አመፅ ይሉታል፤ ብዙ ሕንዶች ግን የመጀመሪያው የነፃነት ጦርነታችን ነው ይላሉ። ሻነን ወደ ካልካታ ዞረች። አዛዡ ዊሊያም ፒል ከ400 በላይ ሰው ከነመድፉ ይዞ በጋንጀስ ወንዝ ሽቅብ ወጣ፤ ከዚያ መድፋቸውን እየጎተቱ በእግር ቀጠሉ። የሚሄዱት ሉክናው ከተማ ውስጥ ለወራት የተከበቡ እንግሊዞችን ለማስለቀቅ ነው።

ኖቬምበር 16 ቀን 1857። በዚያ አንድ ቀን ብቻ ለተደረገ ውጊያ 24 ቪክቶሪያ መስቀል ተሰጥቷል፤ በአንድ ቀን ይህን ያህል ተሰጥቶ አያውቅም። ከሰዓት በኋላ ጦሩ ሻህ ነጀፍ የሚባል ሕንፃ ጋር ሲደርስ ቆመ። ሕንፃው የአንድ የአዋድ ንጉሥ መቃብር ነው። ግንቡ ወፍራም ነው፤ አናቱ ላይ ተኳሾች አሉ። ፒል መድፎቹን ወደ ግንቡ ሥር አስጠጋ፤ ባሕር ላይ መርከብን ከጠላት መርከብ ጎን እንደሚያስጠጋ ማለት ነው። ከአንዱ መድፍ ሰው ሲጎድል ሆል በፈቃዱ ገባ።

የዚያን ጊዜ መድፍ ቁልፍ ተጭነህ የምትተኩሰው አይደለም። መጀመሪያ የበግ ለምድ የተጠቀለለበት እርጥብ ዘንግ ተከቶ የቀረው ፍም ይጠፋል። ያ ካልሆነ የሚቀጥለው ባሩድ ጎራሹ እጅ ላይ ይፈነዳል። ከዚያ ባሩዱ፣ ከዚያ 11 ኪሎ ገደማ የምትመዝነው ጥይት በአፈሙዙ ገብታ በዘንግ ትጠቀጠቃለች። ሲተኮስ መድፉ ራሱ ወደ ኋላ ይፈናጠራል፤ እንደገና ተገፍቶ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህ የብዙ ሰው ሥራ ነው፤ እያንዳንዱም የየራሱ ድርሻ አለው።

የሆል ጓዶች አንድ በአንድ ወደቁ፤ የሞተም የቆሰለም ነበር። በመጨረሻ መድፉ ጋር የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ሆል እና መቶ አለቃ ቶማስ ያንግ። ያንግም ክፉኛ ቆስሏል። ሁለቱ ከላይ እየተተኮሰባቸው ያንን ሁሉ ሥራ ለሁለት እየተካፈሉ ማጥራት፣ ማጉረስ፣ መተኮስ፣ መግፋት ቀጠሉ።

ብዙ ጽሑፎች የእነሱ መድፍ ግንቡን በርቅሶ ጦሩ በዚያ ገባ ይላሉ። እኛ ይሄን በጥንቃቄ ነው የምናየው። በዚያው ምሽት ጆን ፓተን የሚባል የስኮትላንድ ክፍለ ጦር ሃምሳ አለቃ በሌላኛው ወገን ቀዳዳ አግኝቶ ጦሩን መርቶ አስገብቷል፤ እሱም መስቀሉን ተሸልሟል። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1859 የወጣው የለንደን ጋዜት የሆልንና የያንግን ሽልማት የገለጸው በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ በመድፉ ላይ ስላሳዩት ጀግንነት እንጂ ስለ ግንቡ መፍረስ ምንም አይልም። ደግሞስ ግንቡ ፈረሰም አልፈረሰም፣ ሁለት ሰው ሆኖ እዚያ መቆሙ ያንስ ነበር?

እዚያው ጋዜት ላይ ሆል የፊተኛው ምሰሶ ካፒቴን ተብሎ ተጠርቷል። ካፒቴን ሲባል የመርከብ አዛዥ እንዳይመስላችሁ። የፊተኛው ምሰሶ ላይ ወጥተው ሸራ የሚያጥፉና የሚዘረጉ መርከበኞች አለቃ ማለት ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ሉክናው ሙሉ በሙሉ ስትያዝም ሆል ነበር። የሕንድ ሜዳሊያው ላይ ያሉት ሁለት ሰሌዳዎች ይህንኑ ይናገራሉ፤ አንዱ ከተከበቡት ማስለቀቅ፣ ሌላው ከተማዋን ስለ መያዝ ነው። ለሽልማት ያቀረበው ፒል ግን መስቀሉ ሲሰጥ አላየም፤ በ1858 በፈንጣጣ ሞተ። መስቀሉ ኦክቶበር 28 ቀን 1859 አየርላንድ ወደብ ላይ በቆመች ዶኔጋል የምትባል መርከብ ላይ ለሆል ተሰጠው። ሪባኑ ሰማያዊ ነበር፤ የባሕር ኃይሉ ያኔ ሰማያዊ፣ የእግረኛው ቀይ ነበር።

እዚህ ጋ እኛን ቆም ያደረገን አንድ ነገር አለ። የዘመቻ ሜዳሊያ መዝገብ ላይ ያለው ስም፣ የሥራ መደብና የተሰጠው ሰሌዳ ነው። ዊሊያም ሆል የሚለውን ስም መዝገቡ ላይ ብታዩት ጥቁር ይሁን ነጭ፣ የባሪያ ልጅ ይሁን የባለ ርስት አታውቁም። በእንግሊዝ መርከቦች ላይ እሱን የመሰሉ ሌሎች ጥቁር መርከበኞችም አገልግለዋል። ሆልን ያወቅነው መስቀሉ ስለነበረው ነው። መስቀል ያላገኙት እዚያው መዝገብ ውስጥ፣ ከሌላው ስም ጋር ተደባልቀው አሉ። አንድ ሰው የሜዳሊያ ጠርዝ አንብቦ ተከታትሎ ካላወጣቸው በቀር የሚያውቃቸው የለም።

መዝገቡን ካነሳን አይቀር የእኛም አገር ስም እነዚህ ሜዳሊያዎች ላይ አለ። በ1868 ወደ መቅደላ ለዘመተው የእንግሊዝ ጦር የተሰጠው ሜዳሊያ ላይ የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል በኮከብ ተከቦ፣ በኮከቡ ጫፎች መሀል አቢሲኒያ የሚለው ቃል በፊደል በፊደል ተበትኖ ተጽፏል። የአብዛኞቹ ባለቤቶች ስም ጠርዙ ላይ ሳይሆን ጀርባው ላይ ጎላ ብሎ ነው ያለው። እሮጌ ላይ በአፄ ቴዎድሮስ ጦር ላይ ሮኬት የተኮሱት ልክ እንደ ሻነን ሰዎች ከመርከብ የወረዱ መርከበኞች ነበሩ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. (ይሄኛው በእኛ ነው) መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። ሆል በዚያ ዘመቻ አልነበረም። ግን የእሱን ጀግንነት ስናደንቅ መድፉ የዞረው በማን ላይ እንደነበረ የማንረሳው ለዚህም ነው። የሉክናው ሰዎችም አገራቸው ላይ ነበሩ።

ሆል በ1876 በከፍተኛ የባሕር ኃይል ባለሌላ ማዕረግነት ጡረታ ወጣ። መስቀሉ በዓመት 10 ፓውንድ አበል ነበረው። ከዚያ እርሻው፣ እህቶቹ፣ ላሞቹ። ልዑሉ ሃሊፋክስ ላይ ካነጋገረው ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ በኦገስት 1904 ቤቱ ውስጥ ሞተ። ወታደራዊ የቀብር ሥነ ሥርዓት አልተደረገለትም። መቃብሩ ላይም ስሙ አልተጻፈም።

እንደዚያው 40 ዓመት ቆየ። በ1930ዎቹ መጨረሻ የሃንትስፖርት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበር ነገሩን አነሳው፤ በ1945 አፅሙ ወጥቶ ሃንትስፖርት ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ አረፈ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሐውልት ቆመለት። መስቀሉም ከአገር ወጥቶ እንግሊዝ ነበር። በ1967 የኖቫ ስኮሺያ መንግሥት አስመለሰው። በ2010 ካናዳ ምስሉ ያለበት ቴምብር አወጣች።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ደግሞ የካናዳ ባሕር ኃይል የሰሜን ዋልታ አካባቢ ለመጠበቅ ካሠራቸው አዳዲስ መርከቦች አንዷን በስሙ ጠራ። በረዶ ሰንጥቃ የምትሄድ መርከብ ናት። የተሠራችውም መነሻ ወደቧም ሃሊፋክስ ነው፤ ሽማግሌው ገበሬ ስለ ሜዳሊያዎቹ የተጠየቀባት ከተማ።